የተሰረዘችው መስመር

ኃላፊው ከቴክኒሻኗ ወንበር ጀርባ ቆሞ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀሰረ። "ይቺን መስመር አጥፊልኝ።" በኮምፒውተሩ የሥራ መዝገብ ላይ ያለችው መስመር ትናንት ቀትር ላይ የሆስፒታሉን ኔትወርክ ማን እንዳቋረጠው ትናገራለች፤ የተጻፈው ስም የራሱ የኃላፊው ነበር። በዚያ ጥፋት ሊባረሩ የተቃረቡት ግን ሃያ ዓመት ያገለገሉት ኬብል ዘርጊ ናቸው።

ቴክኒሻኗ እጆቿን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች። "አላጠፋም።"

"እንግዲያው ተነሺ!" ብሎ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶም ሰረዛት። "አየሽ? ውሃ በላት።"

ዓይኗን አልሰበረችም። "አለቃ፣ ከጠዋት ጀምሮ የመዝገቡ ቅጂ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ኦዲተሮች እንዲደርስ አድርጌያለሁ። የትናንቱም ሄዷል፤ አሁን መሰረዝዎም ከነስምዎ ተመዝግቦ ሄዷል።"

ኃላፊው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

"በሉ ወንበሬን ይልቀቁልኝ" አለችው፣ "ሥራ አለብኝ።"