ሁለተኛው ክላይቭ

ዓይኔን በሌዘር ከታከምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ አንዱ ራሱ፣ ሌላው ከጎኑ ደብዘዝ ያለ። ሐኪሙ «ያጋጥማል፣ ይጠፋል» ብሎኛል። እኔም ለምጄዋለሁ።

ዛሬም ከባልደረባዬ ከዳሬል ጋር ባሕሩ ዳር ቆመን የመዋኛውን ክልል በሚያሳዩት ባንዲራዎች መካከል የሚዋኙትን ከመስጠም እንጠብቃለን። ሽማግሌው ክላይቭ ዋኝቶ ሲወጣ ደብዛዛው አልተከተለውም። እዚያው ውሃው ውስጥ ቀርቶ አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳ። በዚህ ባሕር እጅ ማንሳት «ድረሱልኝ» ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ዓይኔ ነው፣ ይጠፋል።

ክላይቭ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አጠገባችን ደረሰ።

«ምነው ፈዘዝሽ የኔ ልጅ? አዲሱ ዓይንሽ ቆንጆ ወንድ አላሳይ አለሽ?»

ሳቅኩለት። ዓይኑን ታክሞ የማያውቀው ዳሬል ግን አልሳቀም። ወደ ውሃው አፍጥጦ ቀርቷል።

«ክላይቭ» አለ በቀስታ፣ «መንታ አለህ እንዴ?»