አንድ ክዳን

ያለፈው በጋ ለጫምሳ ክፉ ነበር። መቂ ያለው የሽንኩርት ማሳው ራሱ በግምት በረጨው መድኃኒት ተቃጠለ። ዘንድሮ ከመርጨቱ በፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን አዲሱን የመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ አዳማ፣ ልጁ ሌንሳ እንግሊዝኛ ወደምትማርበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል መጣ። መምህሩም ጽሑፉን በጓደኞቿ ፊት አንብባ ለአባቷ እንድትነግረው አዘዛት።

ሌንሳ ማንበብ ጀመረች፤ መጠኑ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጫምሳ ጣቷ አንድ ቃል ላይ ሲመላለስ አየ።

«በግምት እንዳትነግሪኝ፣ ልጄ። ግምትማ እኔም አለኝ» አላት። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ሌንሳ ቀና ብላ መምህሩን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ሲመልስላት ወደ አባቷ ዞረች።

«ለሃያ ሊትር ውሃ አንድ ክዳን ብቻ ነው፣ አባባ።»

«አንድ? እኔ ሦስት ነበር የማደርገው።» ጫምሳ ጠርሙሱን ተቀብሎ ክዳኑን አጠበቀና በረጅሙ ተነፈሰ።

መምህሩ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እዚህ ተማሪ ሁሉ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ዕዳ አለበት። ዓመቱን ሙሉ ሳትጠይቅ የቀረችው ልጅዎ ብቻ ነበረች። ዛሬ ከፈለች።»