የወርቅ ሰፈር አጀማመር

ትህትና ከአዳማ ድረስ የመጣችው የሰፈሩን ታሪክ ለመጻፍ ነበር፤ ጽሑፉ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲመረቅ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ከአቦምሳ ወዲያ ያለው ይህ ሰፈር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። አሁን ሁለት መቶ ቆርቆሮ ቤት ቆሞበታል። ከሰፈሩ ቀደምት ነዋሪ ከአሮጊቷ ሙሉዬ ጋር ደጃፏ ላይ የተቀመጠው የሰፈሩ ሊቀመንበር ገብረወልድ፣ "ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰው ከየአገሩ ጎረፈ፤ ታሪኩ ይኸው ነው" አለ።

"የመጀመሪያዎቹን ሰዎችስ ማን አመጣቸው?" አለች ትህትና።

"እኔ ነኝ" አለች ሙሉዬ፣ ሳይጠብቋት። "ባሌ ኢተፋ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተናደበት። ድምፁ ከስር ይሰማኝ ነበር። እስከ ታችኛው መንደር ድረስ ሮጬ ሃያ የሚሆን ሰው ይዤ መጣሁ።"

"ታዲያ አወጡት፣ እማማ?"

ሙሉዬ ገብረወልድን አየችው። ያን ቀን ከሁሉ ቀድሞ አካፋውን የጣለው እሱ ነበር። አፈሩን በመዳፉ አሽቶ ለፀሐይ ሲያሳየው፣ ሌሎቹም እየተጋፉ መሬቱን መቧጨር ሲጀምሩ፣ እሷ የአንዱን እጅ ስትጎትት ሌላው ሲያመልጣት፣ ከስር ደግሞ ኢተፋ ስሟን ደጋግሞ ሲጠራ ሁሉም እንደ አዲስ መጣባት። ገብረወልድ አቀርቅሮ ነበር። የትህትና እስክሪብቶ መልሷን ይጠብቃል።

"ወርቅ አገኙ፣ ልጄ" አለች።