የዓረብኛው ደብተር

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ትማራለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል ስትወጣ ግን ወደ ቤት አትሄድም። ገበያ ውስጥ ሻርፕ ከሚሸጡት ከወይዘሮ ሳቢሃ ዘንድ ተቀምጣ ዓረብኛ ትማራለች። ሳቢሃ ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ናቸው።

ነገሩን የደረሰበት የእናቷ ወንድም ያረጋል ነው። አባቷ ሞቶ እናቷ ምሥራቅ ወደ ቤይሩት ስትሄድ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቡሬ አጠገብ ካለው ገጠር ያሳደጋት እሱ ነው። ምሥራቅ ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። እናትና ልጅ ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ አልጋ እየተኙ ይኖራሉ።

«ለላም ሐኪም ዓረብኛ ምን ያደርግላታል?» አለ ያረጋል፣ ደብተሯን ዘርግቶ።

«ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ጋሼ።»

በአማርኛ የተጻፈውን ፍቺ ጮክ ብሎ አነበበ። «ጡት። ጥርስ አበቀለ። አታልቅስ። እሹሩሩ።» ደብተሩን ዘጋው። «ይኸው። ለሞግዚትነት እየተሰናዳች ነው። ደላላ ይዟታል።»

የምሥራቅ ፊት አመድ መሰለ።

ያረጋል የያምሮትን መታወቂያ ወስዶ ኪሱ ከተተ። መናኸሪያ ላሉት ተራ አስከባሪዎች ፎቶዋን አሳይቶ አደራ አለ። ምሥራቅ ስልኳን ነጠቀቻት። ጠዋት እስከ ኮሌጁ በር ትሸኛታለች፤ ከሰዓት እዚያው በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ልጅቱ ከቤት ክፍል፣ ከክፍል ቤት ብቻ ሆነች። እውነቱን ብትናገር በአንድ ቀን ትፈታ ነበር፤ አጎቷ ፊት ግን የሚነገር አልሆነላትም።

«እንግሊዝኛ ተማሪ» አለቻት እናቷ አንድ ቀን። «ቻይንኛም ቢሆን ተማሪ። ይህን ብቻ ተይልኝ።»

«እሄዳለሁ አልኩሽ?»

«ስንቷ ሳትል ሄዳለች።»

በማግስቱ ምሥራቅ ገበያ ወረደች። «እትዬ ሳቢሃ፣ ልጄን ይተዉልኝ።»

ሳቢሃ የያዙትን ሻርፕ አጥፈው አስቀመጡ። «ቤይሩት ሥራ ላፈላልግልሽ ብያት እምቢ ብላኛለች። የሰማችውን ቃል ይዛ ትመጣለች፣ እኔ እፈታላታለሁ። ይኸው ነው።»

«ከማን የሰማችውን?»

«እሱን አልጠየቅኋትም።»

ያረጋል ይህን ሲሰማ አልተጠራጠረም። «ከደላላው ነዋ» አለ። ቅዳሜ ሊወስዳት መጣ። ትምህርቱ ይቅር፣ ገጠር ትግባ፣ ባል ይፈለግላት ብሎ ቆርጧል። ያምሮት አልተከራከረችም። ልብሷን በፌስታል ከተተች፤ የእንስሳት መድኃኒት መጽሐፏን ግን ደጋግማ ከፌስታሉ እያወጣች መልሳ ጨመረችው።

እሱ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። ምሥራቅ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«እሱ ሳይመለስ ንገሪኝ። እነዚያን ቃላት ከማን ነው የሰማሻቸው?»

ያምሮት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንቅልፍ ሲወስድሽ በዓረብኛ የምታባብይው ወንድሜ፣ አሁን ስንት ዓመት ሆነው?»