ሳቅ የነፈገው ሕዝብ

ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር የጀመረ ሰሞን፣ ሆሬስ ትዊግ የሚባል ቀልደኛ ከኦሃዮ ተነሥቶ ሆሊውድ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ላይ ቆሞ ሰው ሲያስቅ የኖረ ነው። ፊልሙ ተመልካቹን ሁሉ ሲወስድ ቲያትር ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ እሱም እንጀራውን ተከትሎ መጣ።

ሲነሣ ሚስቱ ኤድና በር ላይ ቆማ፣ «ማሳቅን የሰጠህ እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ካልወሰደው ሰው አይወስድብህም» ብላው ነበር። ይህን ቃል እንደ ጸሎት ይዞታል።

የተቀጠረበት ፊልም የቤዝቦል ቀልድ ነው። ሆሬስ በትልቅ ጨዋታ መሀል ኳስ መወርወር የሚጠፋበት ባላገር ሆኖ ይጫወታል። መነጽሩን ገና በጠዋቱ አስወለቁት።

«ያለሱ እኮ ዕውር ነኝ» አለ።

«መነጽር የሰካ ባላገር የት አይተህ ታውቃለህ?» አለው ኳስ ያዡ ደች። ደች በወጣትነቱ የእውነት ተጫዋች የነበረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «ደግሞ አንተ ምን ቸገረህ? የሚታዘንልኝ እኔ ነኝ፤ ዕውር የወረወረውን ፊት ለፊት የምቀበል!»

ሆሬስ ወደ ሜዳው ወጣ። ከማዶ ያለው መቀመጫ እስከ ላይ ድረስ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ኮፍያ በኮፍያ ነው። ደስ አለው። በመድረክ ዘመኑም ይህን ያህል ሕዝብ ገጥሞት አያውቅም።

ጸጥ በሉ ተባለ። ማይክሮፎኑ ትንፋሽ ሳይቀር ይለቅማል። ደች እንኳ አፉን ዘጋ።

ሆሬስ ሊወረውር ተጠማዘዘ፣ እግሩን ሰቀለ፣ ኳሷን ጣላት። ሊያነሣት ሲጎነበስ በገዛ እግሩ ረገጣት። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ኳሷን ይቅርታ ጠየቃት። በኦሃዮዋ ቶሌዶ ከተማ ይህን ሲያደርግ ሰው ከወንበሩ ወድቆ ያውቃል።

ከማዶ ምንም የለም።

ደገመው። አሁንም ምንም። ዳይሬክተሩን ፈልጎ አየ። ጭጋግ በለበሰ ዓይኑ የታየው፣ ሰውየው ነጭ መሀረብ አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው። «አለቀሰልኝ» አለ ሆሬስ በልቡ።

ቀረጻው ጋብ ሲል የዳይሬክተሩን ረዳት፣ ሜይናርድን፣ ክንዱን ይዞ አቆመው።

«እነዚያን ሰዎች እንዳትስቁ ብላችኋቸው ነው?»

ሜይናርድ ይቸኩላል። «እነሱን? እነሱን ደግሞ ማን ምን አላቸው! ሚስተር ትዊግ፣ እባክዎ እነሱን ይተዉና ሥራዎን ይሥሩ።»

የምሳ ደወል ተደወለ። «ና ብላ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! በባዶ ሆድ መውደቅ ያማል» አለው ደች። ሆሬስ አልበላም። ማዶ ያለውም ሕዝብ ከመቀመጫው አልተነሣም። ምሳውን ትቶ እንዲህ ትክ ብሎ የሚያይ የተቀየመ ሰው ነው፤ ሆሬስ እንዲያ መሰለው። ከአጥሩ ጥግ ሄዶ ተንበረከከ።

«አቤቱ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን ብቻ አስቅልኝ። አንድ ሰው ከሳቀ ስጦታዬን እንዳልወሰድክብኝ ዐውቃለሁ። ካልሳቀም ፈቃድህ ይሁን።»

ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጠ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ሱሪው ወለቀ፣ ጓንቱን ከእጁ ማውጣት አቅቶት በጥርሱ ታገለ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ነፋስ ሽው ሲል ሕዝቡ ሁሉ ባንድነት ወደ ኋላ ሸሸት ያለ መሰለው፣ የሚጠሉት ሰው ሲቀርብ እንደሚሸሹት።

ሆሬስ የሜዳው መስመር ድረስ ሄዶ፣ «ወገኖቼ፣ ምን በደልኳችሁ?» ብሎ ጮኸ። ይህ በፊልሙ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

የመለሰለት የለም።

«በቃ! በቃ!» አለ ዳይሬክተሩ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! ነገም ይህንኑ ነው የምፈልገው!»

ሆሬስ አንገቱን ደፋ። «ጨዋ ሰው ስለሆነ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም» አለ በልቡ። ሕዝብ ግን አይዋሽም። ስንት ዘመን ፊቱ ሲቆም ሕዝብ አንድ ቀንም ዋሽቶት አያውቅም።

የፊልሙን ልብስ መለሰ። መነጽሩንም ተቀብሎ አደረገ፤ ወደ ሜዳው ዞሮ ለማየት ግን አፈረ።

«ነገ እንገናኝ!» አለው ደች። «ኳሷን ሰላም ብዬልሃለሁ፣ ይቅር ብላሃለች!»

«ደህና ሁን፣ ወንድሜ» አለ ሆሬስ። በጓሮ በር ወጥቶ፣ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» እያለ ወደ ኦሃዮ በሚሄደው ባቡር ተሳፈረ፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ማንንም ሊያስቅ አልሞከረም።

ሰማዩ ሊዘንብ ሲያንዣብብ፣ አናጢዎቹ ሕዝቡን ከመቀመጫው እየነቀሉ፣ አራት አራቱን በብብታቸው ይዘው መጋዘን አስገቡት፤ ካርቶን ዝናብ አይችልም።