ሰላምታ ያልመለሱት ሽማግሌ እና ሙሽራው በቅርጫት

«አሰላሙ አለይኩም፣ አፖ ሮዚ» አልኳቸው…

ዝም።

«አፖ፣ ሰላም ብያለሁ እኮ…»

ሽማግሌው ጀርባቸው ላይ ትልቅ ቅርጫት አዝለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ እንደ ድንጋይ ቆጥረውኝ አለፉ።

እኛ የተራራ ሰዎቹ ባልቲዎች ሽማግሌን «አፖ»፣ አሮጊትን «አፒ» ብለን እናከብራለን፤ ሰላምታ የማይመልስ ግን እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው ነው… አንዱ የሞተ፣ ሌላው የሰረቀ።

አፖ ሮዚ ደግሞ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬው ከመጀመሪያውም አላማሩኝም።

ካራቺ ሠላሳ ዓመት ከርመው አምና ከሚስታቸው ከአፒ ሱከይና ጋር ተመለሱ። መንደራችን ውስጥ አንድ ዛፍ እንኳ የላቸውም።

ግን ከላይኛው ምንጭ እስከ ገደሉ ጥላ ድረስ ጥቁር ቱቦ ዘረጉ…

«ለምንድነው አፖ?» ስንላቸው «ብርዱ ሲገባ ታያላችሁ» ይላሉ።

በብርድ ውሃ ማን ይፈልጋል? ዛፉ ተኝቷል። ላሟ ተኝታለች። እኔም ተኝቻለሁ።

ማንም በማይፈልገው ጊዜ ውሃ የሚሰበስብ ሰው፣ ሁሉም ሲጠማ ሊሸጠው ነው… ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ ሳልማር አውቄዋለሁ።

በሁሉም ነገር እቀልዳለሁ፣ በውሃ ግን አልቀልድም።

አፕሪኮት የሚባሉት የፍሬ ዛፎቻችን የሚያብቡት በሚያዝያ ነው። ከላይ ከበረዶ ግግሩ የሚቀልጠው ውሃ የሚደርሰው በሰኔ። ድሮ የታችኛው ተራራ በረዶ ቀድሞ እየቀለጠ በመሃል ያሉትን ወራት ይሞላልን ነበር… አሁን ታችኛው ተራራ እንደኔ አናት መላጣ ሆኗል።

ከአባቴ ከወረስኳቸው አሥራ አራት ዛፎች ሦስቱ ደርቀዋል። «በሚያዝያ ውሃ ካላገኙ የቀሩትን ቆርጬ ካራቺ እሄዳለሁ» ብዬ መጥረቢያዬን ስያለሁ።

ታዲያ በዚያ የጥቅምት ጠዋት ወደ ጎረቤቴ ወደ ካዚም ሮጥኩ።

«አፖ ሮዚ የሆነ ነገር ይዘው እየሄዱ ነው… ጥቁር ነው… ሳር አልብሰውታል… ያንጠባጥባል።»

«ያንጠባጥባል? ሥጋ ነው?»

«በግህ አለች?»

«ቆይ ልቁጠር።»

«ያለችህ አንድ በግ አይደለች እንዴ?»

«ቢሆንም።»

በጓ ነበረች። እኛ ግን አንዴ ተጠራጥረናልና መንገድ ዘጋንባቸው።

«አፖ፣ ቅርጫቱን ያውርዱና እንየው» አላቸው ካዚም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የቅርጫቱንም ገመድ ይበልጥ ጨበጡ።

እኔ ሬሳ የማስቅ ሰው ነኝ… ያለኝን ቀልድ ሁሉ አወረድኩባቸው። አልሆነም። ጎናቸውን ኮረኮርኳቸው።

ጉንጫቸው እንደ ፊኛ ተነፋ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ… ድምፅ ግን የለም።

ወዲያው ከሌላኛው አቅጣጫ አፒ ሱከይና ቅርጫት አዝለው ብቅ አሉ። እሳቸውም ሰላምታዬን አልመለሱም።

«ተማክረዋል» አለኝ ካዚም በጆሮዬ።

ይሄኔ ጣሪያ ላይ እህል ታሰጣ የነበረችው እናቴ ከዘራዋን ወረወረችብኝ። አልሳተችኝም።

«አንተ ደንቆሮ፣ ሙሽራውን ልቀቅ!»

«የምን ሙሽራ እማ? አፖ ሰባ ዓመታቸው ነው።»

«ሙሽራውማ ቅርጫቱ ውስጥ ነው።»

ቅርጫቱ ውስጥ ለካ በረዶ ነው…

እናቴ በልጅነቷ አንድ ጊዜ አይታለች። ከአንድ ሸለቆ ጥቁሩ፣ ወንዱ በረዶ ይመጣል። ከሌላው ሸለቆ ነጯ፣ ሴቷ። ገደል ጥላ ውስጥ ከሰልና ሰጋቱራ አልብሰው ያጋቧቸዋል… ከዓመታት በኋላ አዲስ የበረዶ ግግር ይወልዳሉ።

ተሸካሚው ግን እስኪያደርስ መናገር የለበትም። ቅርጫቱም መሬት መንካት የለበትም። አለዚያ ጋብቻው ፈረሰ።

እኔ ደግሞ የሙሽራውን ሚዜ ስኮረኩር ነበር።

አንገቴን ደፍቼ ከኋላቸው ተከተልኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሚስቴ ይህን እስከ ዛሬ አታምንም።

ግን ጥርጣሬ እንደ ቁንጫ ነው፣ አንዱን ስትገድለው ሌላው ይነክስሃል… በረዶውስ ይጋባ፣ ቱቦውስ?

ብርዱ ገባ። አፖ ገደሉ ሥር ጎጆ ቀልሰው ከረሙ፣ ቱቦው በበረዶ እንዳይዘጋ ሲጠብቁ። ውሃው ከቱቦው ጫፍ ወደ ላይ እየተረጨ፣ ሲወርድ እየረጋ፣ የበረዶ ማማ ሆነ። ከመስጊዳችን ሚናራ በልጦ ጨረቃን ሊወጋት ትንሽ ነበር የቀረው።

እኔ አፍሬ አጠገባቸው አልደረስኩም። ከሩቅ ግን እሰልላለሁ።

ሚያዝያ ላይ ማማው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። «አሁን ለማን እንደሚሸጡት አያለሁ» ብዬ መጥረቢያዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቦዩን ተከተልኩ…

ቦዩ የካዚምን ማሳ አጠጥቶ አለፈ… ወረደ… የመጨረሻው ማሳ ላይ ቆመ።

የኔ ማሳ ላይ።

አፖ ሮዚ አካፋቸውን ተደግፈው ዛፎቼ ሥር ቆመዋል።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉኝ።

«አፖ… ገና ሰላም አላልኩም እኮ።»

«የጥቅምቱን ነው የምመልስልህ። ያኔ ሙሽራ ይዤ ነበር።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ግን አፖ፣ አንቱ ዛፍ የለዎት… ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?»

መጥረቢያዬን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

«እኔም እንዳንተ ስዬ ነበር። ዛፎቼን ቆርጬ ነው ካራቺ የሄድኩት… ሠላሳ ዓመት የመጥረቢያው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።»

ዘንድሮ አሥራ አንዱም ዛፎቼ አብበዋል። መጥረቢያዬ የበር መደገፊያ ሆኗል። የበረዶዎቹ ትዳር ገና አልወለደም፣ ልጅ ልጆቻችን ያዩታል።

ወዳጆቼ… ዝም ያለ ሁሉ አልናቀንም። አንዳንዱ ሰው አፉን የዘጋው እኛኑ ተሸክሞ ነው።

እናንተስ… ሰላምታ ስላልመለሰላችሁ ያማችሁት ሰው አለ? ምን ተሸክሞ እንደነበር በኋላ አወቃችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… ካዚምም ያነባል። በጓን ቆጥሮ ሲጨርስ።