የማክሰኞዋ ተማሪ

ሰውየው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ በገባበት ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የቴክኖሎጂ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ሰው የለም። በገዛ እጁ ያቋቋመው የማክሰኞ የኢንተርኔት የርቀት ትምህርት እንኳ ተማሪው እየራቀው ሄዶ፣ «ወለተ ሥላሴ» የሚል ስም ያስመዘገበች አንዲት ተማሪ ብቻ ቀረችው። ፊቷን አሳይታ አታውቅም፤ ቀርታም አታውቅም።

ስሟን አይቶ መነኩሲት ናቸው አለ። «ትምህርታችን ገዳም ድረስ ገብቷል!» እያለ በየስብሰባው ይመካባቸዋል።

«ለአንድ ሰው ብለን እስከ መቼ?» አሉና አለቆቹ ትምህርቱ ከዛሬ በኋላ እንዲዘጋ ወሰኑ።

የመጨረሻውን ትምህርት ሊጀምር ሲል ያሳደጉት አያቱ ደወሉ። «እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። እንዲህ ማለት ከጀመረ ወራት አልፈውታል።

አስተምሮ ሲጨርስ ሆዱ ባባ። «እማሆይ፣ እስካሁን ስላልተዉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳንለያይ ጥያቄ ካለዎት ይጻፉልኝ» አለ።

ብዙ ቆይቶ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምነው እንዲህ ከሳህ? ምሳ በልተሃል? የሠራሁልህን ሹራብስ ለምን አትለብስም? በክርስትና ስሜ የተመዘገብኩት በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

ሌላ መስመር ተከተለ።

«ቶሎ መልስልኝ አባቴ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይዘጋብኛል።»